ክታብና ክትባት

ክታብና ክትባት ከአንድ ግሥ የተወለዱ ወንድማማቾች ናቸው። አባታቸው «ከተበ» ነው፤ ጻፈ ማለት። አንዱ ብራና ላይ ተጽፎ፣ ቆዳ ለብሶ፣ በሕፃኑ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ሌላው የሚጻፈው በራሱ በሕፃኑ ገላ ላይ ነው። ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ስለ ቃላት ዝምድና ሳነሳ ይህችን ምሳሌ ደጋግሜ እጠቅሳት ነበር። ተማሪዎቹ ይስቃሉ፤ አንዱ የደብተራ ሌላው የነርስ፣ ምን አገናኛቸው ብለው። እናትየዋን ብትጠይቋት ግን ዝምድናው አይገርማትም። ሁለቱንም ያስጻፈችው እሷ ናት፤ ለአንድ ልጅ፣ በአንድ ፍርሃት።

የፍርሃቱ ስም ለብዙ መቶ ዓመታት ፈንጣጣ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1770 ጎንደር ሲገባ ከተማዋ በፈንጣጣ ተይዛ ነበር። እቴጌ ምንትዋብ በሚኖሩበት በቁስቋም ልጆች ታመው ተኝተዋል፤ የልጃቸው የወይዘሮ አስቴር ልጅም አንዱ ነው። ብሩስ ተጠራ። ያደረገውን ራሱ ጽፎታል፤ የተዘጋውን በርና መስኮት አስከፈተ፣ ቤቱን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ። ከልጆቹ የተረፈ አለ፣ የሞተ አለ። ልብ በሉ፣ የታመሙት የእቴጌዪቱ የልጅ ልጆች ናቸው። ግንቡ፣ ዘበኛው፣ ወርቁ ሁሉ እያለ፣ በዚያች ሌሊት እቴጌ ምንትዋብ ከአንዲት እንጨት ለቃሚ አያት የሚሻሉበት ነገር አልነበረም። ኤድዋርድ ጄነር የላም ፈንጣጣን በእንግሊዝ አገር በአንድ የስምንት ዓመት ልጅ ላይ የሞከረው ከዚያ በኋላ 26 ዓመት ቆይቶ ነው።

እንዲህም ሆኖ ሕዝቡ እጁን አጣምሮ አልተቀመጠም። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ፣ በኋላም የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እንደጻፉት፣ ኢትዮጵያውያን ፈንጣጣን በፈንጣጣ ይከላከሉ ነበር። ቀለል ብሎ ከታመመ ሰው ቁስል ላይ መግል ይወሰዳል፤ አንዳንድ ቦታ ከማር ጋር ይለወሳል፤ የጤነኛው ክንድ በምላጭ ጫር ተደርጎ ይቀባበታል። ልጁ ይታመማል፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀለል ያለ ሕመም ነው፣ ከዳነ በኋላም በሽታው አይደግመውም። ይኸው ዘዴ በቱርክም፣ በሕንድም፣ በቻይናም የታወቀ ነበር። አደጋ አልነበረውም ማለት አይደለም። በአውሮፓ በተያዘው መዝገብ፣ እንዲህ ከተከተቡት ከመቶ አንድ ሁለቱ ይሞቱ ነበር፤ በተፈጥሮ በሚመጣው ከባድ ፈንጣጣ ከተያዙት ግን ከመቶ 30 ያህሉ።

እኔን የሚያስደንቀኝ ዘዴው ብቻ አይደለም። እናትየዋ ናት። ልጇ ጤነኛ ነው፤ ይስቃል፣ ይጠባል። ይህን የሚስቅ ልጅ ተሸክማ ሄዳ፣ ምላጭ የያዘ ሰው ፊት ተቀምጣ፣ «ክንዱን ያዥልኝ» ስትባል ትይዛለች። የታመመ ልጅ ማሳከም ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ከጭንቅ መሸሽ ነው። ጤነኛ ልጅን ወስዶ ማስለቀስ፣ አስለቅሶም ሌሊቱን ትኩሳቱን ይዞ ማደር፣ ይህ ገና ስላልመጣ ቀን ማሰብ ይጠይቃል። «ያልተማረች እናት ክትባት አይገባትም» የሚል ሰው ስሰማ የምናደደው ለዚህ ነው። ከጄነር በፊት የገባት ነው እኮ!

በ1963 ዓ.ም. ጥር ወር በዓለም ጤና ድርጅት ድጋፍ ፈንጣጣን የማጥፋቱ ዘመቻ ሲጀመር፣ አንዳንድ የደጋ አካባቢዎች ከታቢዎቹን አንቀበልም ብለው ነበር። ምክንያቱን ጠልቆ ላየው ድንቁርና አይደለም። አንደኛ፣ የራሳቸው ከታቢ አላቸው፤ አባቱም አያቱም የከተቡ፣ የሚያውቁት ሰው። ሁለተኛ፣ በዚያ ጊዜ በአገራችን በብዛት ይዛመት የነበረው ቀለል ያለው የፈንጣጣ ዓይነት ስለነበረ፣ ከማያውቁት መርፌ የሚያውቁት በሽታ የሚሻልበት ሰው ጥቂት አልነበረም። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። ኢትዮጵያውያን የጤና ሠራተኞች፣ ከአሜሪካና ከጃፓን የመጡ ወጣት በጎ ፈቃደኞች፣ ብራዚላዊው ሐኪም ሲሮ ደ ኳድሮስ፣ በእግር፣ በበቅሎ፣ በሄሊኮፕተር አገሩን አካለሉት። የመጨረሻዋ ኢትዮጵያዊት የፈንጣጣ ሕመምተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በያኔው ባሌ ክፍለ ሀገር፣ ዲሞ በምትባል መንደር የተገኘች ሕፃን ልጅ ነበረች። ዓለም ከፈንጣጣ ነፃ መሆኗ የታወጀው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1980 ነው።

በዚያው በ1972 ዓ.ም. መደበኛው የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም በአገራችን ተጀመረ፤ ለስድስት በሽታዎች። ሳንባ ነቀርሳ፣ ፖሊዮ፣ ዘጊ አነዳ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ ኩፍኝ። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱ በዝቷል፤ በ1999 አምስቱን በአንድ መርፌ የያዘው መጣ፣ ቀጥሎ የሳንባ ምቹ፣ ቀጥሎ የሮታ ተቅማጥ። ቁጥሩን ለሚወድ፣ በ1992ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረታዊ ክትባቶችን በሙሉ የወሰዱት ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ያሉ ልጆች ከመቶ 14 ነበሩ፤ በ2011ዱ ጥናት 43። ዕድገት ነው። ግን በዚያው ጥናት ከመቶ 19ኙ አንድም መርፌ አላገኙም።

ይህን የሚያወጉን ሰዎች መንገዱን፣ ማቀዝቀዣውን፣ ጦርነቱን ያነሣሉ፤ ልክ ናቸው። ስለ ሌሊቱ ግን የሚያነሣ ጥቂት ነው።

ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዷ ባለፈው ዓመት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ልጁ ዛሬ ከተከተበ ጀምሮ እንደ ምድጃ ይፋጃል፤ ጭኑም አብጧል። አክስቴ ‹ጥርሱ ነው፣ ነገ ሴትዮዋ ጋ ውሰጂው› ትለኛለች።» ልጁ ስድስት ሳምንቱ ነው። በስድስት ሳምንት የምን ጥርስ! ሐኪም እንዳልሆንኩ ታውቃለች፤ የፈለገችው የሚያዳምጣት ሰው ነው። የሰጧት ጤና ጣቢያ በር ላይ ያለውን ስልክ ነበርና እዚያ ደውይ አልኳት። የተረኛዋ ነርስ መልስ ቀላል ነበር፤ መርፌው ውስጥ ያለው የትክትክ ክትባት ትኩሳት ያመጣል፣ አንድ ሁለት ቀን ነው፣ ልብሱን ቀለል አድርጊለት፣ አጥቢው፣ ካልበረደ ወይም መጥባት እምቢ ካለ ይዘሽው ነይ። ይቺን ጠዋት ቢነግሯት ኖሮ ምን ነበረበት? ከታቢ ባለሙያ ለእናት አራት ነገር መንገር እንዳለበት በሥልጠናው ሁሉ ይማራል፤ ምን እንደተከተበ፣ ምን ሊያስከትል እንደሚችል፣ መቼ እንደምትመለስ፣ ካርዱን እንዳትጥል። ሰልፉ ሲረዝም መጀመሪያ የሚዘለለው ሁለተኛው ነው።

አክስቲቱ ያሰቧት «ሴትዮ» ማን እንደሆነች የአገራችን ሰው ያውቃል። ልጁ ሲተኩሰው፣ ሲያስቀምጠው፣ ድዱ ላይ ነጣ ብሎ ያበጠውን አይታ «ትሉ ይሄ ነው» ብላ፣ በጋለ ወይም በሾለ ብረት ገና ያልበቀለውን የወተት ጥርስ ቆፍራ የምታወጣ ናት። ግግ ማስወጣት ይሉታል። ትሉ ግን ትል አይደለም፤ የክራንቻ ጥርስ ፍሬ ነው። ጉዳቱ ደም መፍሰስ፣ ቁስል ማመርቀዝ፣ አንዳንዴም ሞት ነው፤ ከሥሩ ያለውንም ቋሚ ጥርስ ያበላሻል። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ወደ እስራኤል የገቡትን ቤተ እስራኤላውያን ልጆች የመረመሩ የጥርስ ሐኪሞች የወተት ክራንቻቸው የጎደለ ልጆች ቢያገኙ መጀመሪያ ግራ ገብቷቸው ነበር፤ ልማዱ ባሕር ተሻግሮ በልጆቹ አፍ ውስጥ ተጽፎ ተገኘ።

ጥርስ የሚወቀሰው ጊዜው ስለሚገጥም ነው። ስድስተኛው ወር ላይ ጥርስ ብቅ ማለት ይጀምራል። በዚያው ወር ልጁ ከእናት ጡት ሌላ ምግብ ይጀምራል፣ መዳህ ያምረዋል፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል፣ ከእናቱ ይዞት የመጣው መከላከያም ይሳሳል። ተቅማጡ ከዚህ ይመጣል፤ ክሱ ግን በሚታየው ላይ ይወድቃል። የጥርስ መብቀል ምራቅ ያዝረከርካል፣ ያነጫንጫል፣ እንቅልፍ ይነሣል፤ ከባድ ትኩሳት ግን አያመጣም።

በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ እንጥል መቁረጥን፣ የወተት ጥርስ ማውጣትንና ሕፃንን ከክትባት መከልከልን ጎን ለጎን ጠቅሶ ያስቀጣል። የሕጉን ዓላማ አልቃወምም። ግን ሦስቱን በአንድ ከረጢት መክተቱ ይከነክነኛል። ጥርስ የምታስነቅል እናት ልጇን የረሳች አይደለችም፤ ያችው ክንዱን ይዛ የምታስከትበው ናት፤ በዚያ ሌሊት የሚያናግራት ያጣች።

እንቅልፉስ? እናቶቻችን ስለ ሕፃን የእንቅልፍ ሰዓት ሲጨነቁ አላየሁም። ልጁ አንቀልባ ውስጥ ነው፤ እናቱ ስትፈጭ ይተኛል፣ ውኃ ስትቀዳ ይነቃል፣ እሹሩሩ ስትለው መልሶ ይተኛል። ጀርባ ሰዓት የለውም። ያ ሁሉ ጀርባ ግን የማን ወገብ እንደነበር አንርሳ፤ ናፍቆቱ ለእኛ ለታዘልነው ይቀለናል። የዛሬዋ የከተማ እናት ጀርባዋን ለቢሮ ወንበር አከራይታለች። ልጁ ከሞግዚት ጋር ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይጫወታል፤ መርፌ በተወጋ ሳምንት ደግሞ ያችውም ትንሽ ሥርዓት ትፈርሳለች።

እስቲ አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ይሰጣል። የክትባቱ ቀጠሮ ስድስተኛ፣ አሥረኛና አሥራ አራተኛ ሳምንት ነው። አሥራ አራት ሳምንት 98 ቀን ነው። ሦስተኛው መርፌ ፈቃዱ ካለቀ ከስምንት ቀን በኋላ ይውላል ማለት ነው። የኩፍኙ ደግሞ በዘጠኝ ወር፣ ሁለተኛው ዙር በአሥራ አምስት። ጤና ጣቢያው የሚከትበው በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት፤ ትኩሳቱ የሚመጣው ማታ፤ እሷ ቢሮ መግባት ያለባት በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል።

ተማሪዬን አሥራ አራተኛው ሳምንት እንዴት ሆነ ብዬ ጠይቄያት ነበር። የመሥሪያ ቤቷ አለቃ «ሕመም ፈቃድ እንዳልል አልታመምሽም» ብሏት፣ ከዓመት ፈቃዷ ሁለት ቀን አስቆርጣ ሄደች። አንዱ ለመርፌው፣ አንዱ ለሌሊቱ።