የተኚው ዓሣ ስም

አንድ ምሽት ወዳጄ ሳሎን ውስጥ፣ ከመስታወቱ የዓሣ ገንዳ ፊት ለፊት ተቀምጬ ነበር። ልጆቹ ስም ያወጡላቸው ትንንሽ ዓሦች ሰሞኑን አንድ በአንድ ይጠፉ ስለነበር ቤቱ አዝኗል። ግዙፉ ዓሣ ደግሞ አሸዋው ላይ በጎኑ ተጋድሟል፤ ገላው እንደ በሰበሰ ነገር ዥንጉርጉር ነው። «ይሄም ሞተ» አልኩ። ወዳጄ ሊያወጣው ብሎ መረብ ፍለጋ ሄደ። በዚህ መሐል አንዲት ትንሽ ዓሣ በድኑን ልትለቅም ጠጋ አለች። «ሬሳው» ድንገት ተወረወረ፤ ትንሿ ዓሣ የለችም። ሌባው በዚያው ተገለጠ።

ወዳጄ ዓሣውን የገዛው ገና የጣት ርዝመት ሳለ፣ «ሊቪንግስተን» በሚል ስም ነበር። እኔም የዚህን ስም ታሪክ መፈለግ ጀመርኩ።

ዓሣው ከእኛው ቆሮሶ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ አገሩ የማላዊ ሐይቅ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ዴቪድ ሊቪንግስተን ከዚያ ሐይቅ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1859 ሲሆን፣ የሞተው በ1873 ነው። ከ21 ዓመት በኋላ፣ በ1894፣ የብሪቲሽ ሙዚየሙ አልበርት ጉንተር ከአካባቢው የተላከለትን ዓሣ መርምሮ በሊቪንግስተን ስም ጠራው። ጉንተር ከጠረጴዛው ላይ ያገኘው የሞተ ዓሣ ነው። አስመስሎ መሞቱን ከሞተ ዓሣ ማን ሊያውቅ ይችላል?

የሐይቁ አጥማጆች ግን ዓሣውን «ካሊጎኖ» ይሉታል፤ «ተኚው» እንደ ማለት ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ኬኔዝ ማኬይ ይህንኑ የአደን ስልት ከሐይቁ ውስጥ ተመልክቶ በሳይንስ መጽሔት ያሳተመው በ1981 ነው። በሙዚየሙ ስምና በዚህ ጽሑፍ መካከል 87 ዓመት አለ። የአጥማጆቹን ቃል ትርጉም የጠየቀ ሰው ግን ነገሩን በአንዲት ቃል ያገኘው ነበር።

ይህ ቁም ነገር ለሳሎንም ይተርፋል። ካሊጎኖ ሲያድግ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ይደርሳል፤ በብዙ መቶ ሊትር የሚለካ ውኃ ይፈልጋል፤ አፉ የሚበቃውን ዓሣ ሁሉ ይውጣል። ሻጩ «ተኚው» ብሎ ሸጦለት ቢሆን ኖሮ፣ ወዳጄ «ለምን ይተኛል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም ነበር።

የተረፉት ትንንሾች ዛሬ ለብቻቸው ናቸው። በትልቁ ገንዳ መስታወት ላይ ደግሞ ልጆቹ በእጃቸው ጽፈው የለጠፉት ወረቀት አለ፦ «ካሊጎኖ»።