የንግድ ዕቅድ ውድድር በዩኒቨርሲቲዎች፤ አጀማመሩና የዳኝነቱ ጉዳይ

በ1984 እ.ኤ.አ. በኦስቲን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የንግድ አስተዳደር የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣ የሕግ ተማሪዎች በምስለ ችሎት እንደሚለማመዱ ሁሉ፣ ገና ያልተቋቋመ ድርጅታቸውን ዕቅድ በዳኞች ፊት ማስረዳት ጀመሩ። ውድድሩ «ሙት ኮርፕ» መባሉም ምስለ ችሎት በእንግሊዝኛ ከሚጠራበት ስም በመወሰዱ እንጂ ቃሉ በአማርኛ ካለው ትርጉም ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። በ1990 እ.ኤ.አ. ደግሞ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የ10,000 ዶላር ሽልማት ያለው ውድድር ተቋቋመ።

ለመምህርና ለዕቅድ አውጪ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን በዚሁ ተቋም የተካሄደው የ1998 እ.ኤ.አ. ውድድር ነው። ሽልማቱ 50,000 ዶላር በደረሰበት በዚያን ጊዜ፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪው ዳንኤል ሌዊንና የሒሳብ ፕሮፌሰሩ ቶም ሌይተን የኢንተርኔትን መጨናነቅ በሒሳብ ዘዴ ለማቃለል ያቀረቡት ዕቅድ ለመጨረሻው ዙር ቢደርስም አላሸነፈም። የውድድሩ ትምህርታዊ ዋጋ ከደረጃው ይልቅ በዝግጅቱ ላይ መሆኑ እዚህ ላይ ይታያል፤ በንድፈ ሐሳብ ተወስኖ የነበረ ጥናት፣ ገዥው ማን እንደሆነና ገቢው ከየት እንደሚገኝ በጽሑፍ መመለስ ግድ ሆኖበታልና። ሁለቱ ሰዎች በዚያው ዓመት የመሠረቱት አካማይ ኩባንያ ዛሬም በሥራ ላይ ይገኛል። አንደኛ የወጣው ዳይሬክት ሂት በ2000 እ.ኤ.አ. ለአስክ ጂቭስ ኩባንያ ተሸጠ።