ያልተናገሩት በስማቸው፣ የፈጠሩት በልጃቸው ስም

የዛሬ ዓመት ገደማ አንድ ቀልድ አጠፋሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንጀራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው፤ ማታ ማታ ደግሞ የአለቃ ገብረ ሐናን ቀልዶች የሚሰበስብ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ አድሚን ነኝ። ግሩፑን የጀመርነው ደብረ ታቦር አብረን ያደግን፣ ኋላም አብረን ኢንጂነሪንግ የተማርን ጥቂት ልጆች ነን። ደንባችን አንድ መስመር ብቻ ነበረች፦ «የአለቃ ቀልድ ብቻ፤ ስድብና ፖለቲካ ክልክል ነው»። ለዓመታት ይህቺው በቃችን። ከዚያ ኤአይ መጣ።

በቀን ሁለት ሦስት ቀልድ የሚለጠፍበት ግሩፕ ሠላሳ አርባ ይጎርፍበት ጀመር። በሁሉም ውስጥ አለቃ «ፈገግ ብለው» ይመልሳሉ። በሁሉም ውስጥ ንጉሡ «በጥበባቸው ይደነቃሉ»። መጨረሻው ላይ ደግሞ ምክር አለ። አለቃ ገብረ ሐና መካሪ! እኛ ሰፈር ይህን ብታወራ ሰው የሚስቀው በቀልዱ ሳይሆን በአንተ ነው። እኛ የምናውቃቸው አለቃ ሰው አሳፍረው ዞር የሚሉ፣ አንዳንዴም አፍረው የሚመለሱ ናቸው። በተለይ ከሴቶች ጋር ሲገጥሙ ብዙ ጊዜ ይሸነፋሉ፤ ቀልዱ የሚጣፍጠውም ያኔ ነው።

ያጠፋሁት ቀልድ ከዚያ ጎርፍ መሀል የመጣ ነው። አለቃ፣ አንድ የፎገራ ገበሬና አንድ በሬ ነበሩበት። ዓረፍተ ነገሮቹ ለስላሳ ናቸው፣ አንድም የፊደል ግድፈት የለም፣ መጨረሻው ምክር ነው። ቀልዱ ደግሞ አያስቅም። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ምንም የለም። «ለሁሉም አጥፋ» የምትለዋን ተጫንኩና «ኤአይ አይፈቀድም» ብዬ ጻፍኩ። ሥራዬን የሠራሁ መስሎኝ ተኛሁ።

በሦስተኛው ቀን ልጁ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ውጭ አገር ተወልዶ ያደገ ነው። ቀልዱን በስልክ የነገሩት ፎገራ ያሉት አያቱ ናቸው። አማርኛ ይሰማል፣ ይናገራል፤ መጻፍ ላይ ግን ስለሚቸገር እንደምንም ሞነጫጭሮ ኤአይ አስተካክልልኝ አለው። «ወንድሜ፣ መጨረሻ ላይ ያለችውን ቃል አጥብቀህ አንብባት፤ አያቴ ሲሉት እኮ አጥብቀው ነው» አለኝ። መልስ ስጽፍለት ከግሩፑ ወጥቷል። አጥብቄ የማነባት ቃልም በእኔው ጣት ጠፍታለች።

እዚህ ላይ ስለ ፊደላችን ትንሽ ልበል፤ ጥፋቴ ያለው እዚያ ስለሆነ። የአማርኛ ጽሕፈት የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «ገና» ብዬ ብጽፍ በዓሉ ይሁን «ገና አልደረሰም» የሚለው ከወረቀቱ ላይ አይታወቅም። «አለ» ተናገረ ይሁን ይገኛል፣ የሚለየው ጆሮ ነው። የአለቃ ቀልዶች ደግሞ ግማሽ ያህሉ የሚኖሩት በዚህች ክፍተት ውስጥ ነው። ቅኔ የተማረ ሰው ቀልድ ስለሆነ ሰሙንና ወርቁን የሚደብቅበትን ቦታ ያውቃል። የቋንቋ ሞዴል ግን የሚያየው ፊደል ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን ቆራርጦ። በዩቲኤፍ ኤይት አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይፈጃል፣ የእንግሊዝኛው አንድ። ሞዴሉ የተማረው አብዛኛው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ስለሆነም የእኛን ቃል ብዙ ቦታ ሰብሮ ነው የሚያነበው። አህያ ከምትነዳው ሴት ጋር የሚነገረውን ቀልድ ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ አለቃ እሷንም አህያዋንም አንድ ላይ «እንዴት አደራችሁ» ይሏቸዋል። ቀልዱ በሙሉ ያለው «ችሁ» ላይ ነው። እንግሊዝኛ አንተንም እናንተንም በአንድ ቃል ስለሚጠራ ወደዚያ ስታሻግረው ሴትዮዋ ትቀራለች፣ አህያዋ ትቀራለች፣ ቀልዱ ግን ይጠፋል።

የሚያሳፍረኝ እኔም ያን ዕለት እንደ ማሽኑ ማንበቤ ነው። በዓይኔ ብቻ።

ግሩፑ ውስጥ የተነሳው ክርክር ሦስት ሳምንት ፈጀ። አንዱ ወገን ኤአይ ጨርሶ ይከልከል አለ። ሌላው ምልክት ይደረግበትና ይለጠፍ አለ። ሦስተኛው ጥያቄ ግን ዝም አሰኘን፦ «የአለቃ ቀልድ ከምትሏቸው ስንቱን አለቃ ተናገሩት?»

እውነቱን ነው። አለቃ ገብረ ሐና እንደ ብዙ አገር የቀልድ ባለቤቶች የተረት ሰው አይደሉም። እዚሁ ፎገራ ናበጋ የተወለዱ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖሩ፣ ጎንደር ያስተማሩ፣ የአፄ ቴዎድሮስንም የአፄ ምኒልክንም ዘመን ያዩ ሊቅ ናቸው። ቀልድ አዋቂነታቸው በዕድሜያቸው ሳሉ የታወቀ ነው። ግን ሰው ከሞተ በኋላም ቀልዱ አላቆመም። ባለቤት የሌለው ጥሩ ቀልድ ሁሉ እሳቸው ደጅ ሄዶ ይጠጋል። ምክንያቱ አይከብድም፤ «ጎረቤቴ እንዲህ አለ» ከምትል «አለቃ እንዲህ አሉ» ብትል ሰው ጆሮውን ይሰጥሃል። ደግሞም ባለሥልጣን ላይ የምትቀልድ ከሆነ የሞተ ሰው ስም ጥሩ ጋሻ ነው። ግሩፓችን ውስጥ ኤአይ ከመምጣቱ በፊት አለቃን አውቶቡስ ያሳፈረ ቀልድ ተለጥፎ ነበር። ስቀን አለፍነው። ማንም «ሐሰት ነው፣ ይጥፋ» አላለም።

ታዲያ ሰው ሲዋሽባቸው ስቀን፣ ማሽን ሲዋሽባቸው ለምን ተናደድን? ይህን ሳሰላስል ነው ሌላኛው ታሪካቸው ትዝ ያለኝ፣ ስለ ቀልድ ሲወራ የማይነሳው።

አለቃ ገብረ ሐና የፈጠሩት ነገር አለ፤ አንድ የአቋቋም አካሄድ። አቋቋም በቤተ ክርስቲያን መቋሚያ፣ ጸናጽልና ከበሮ ይዘው ሊቃውንቱ የሚያሸበሽቡበት ሥርዓት ነው። ሲነገር እንደኖረው ጣና ዳር ተቀምጠው ማዕበሉን፣ ደንገሉ በነፋስ ወዲያና ወዲህ ሲል ያያሉ፤ ከዚያ እንቅስቃሴ አዲስ አካሄድ ያወጣሉ። የጎንደር ሊቃውንት ግን አልተቀበሏቸውም። እኔ ስገምት በእነሱ ቦታ ብሆን እኔም አልቀበልም ነበር። ዜማው ከቅዱስ ያሬድ ተያይዞ የመጣ ነው፤ ከአፍ ወደ አፍ፣ ከእግር ወደ እግር ሲወርድ ትውልድ አልፏል። ዛሬ አንዱ ሐይቅ አይቼ ነው ብሎ እግሩን ሌላ ቦታ ቢያሳርፍ፣ ነገ ሌላው ዛፍ አይቼ ነው ቢል የት ይቆማል? ይህ የአድሚን ጥያቄ ነው። ከእኛ ግሩፕ ጥያቄ የሚለየው በአማርኛው ማማር ብቻ ነው።

አካሄዱን ተምሮ ወደ ሕዝብ ያወጣው ልጃቸው ተክሌ ነው። ሥር የሰደደውም ደብረ ታቦር ላይ ነው። ዛሬ ከላይ ቤትና ከታች ቤት ጎን «ተክሌ» ተብሎ ይቆጠራል፤ ተማሪ ብሎ ይማረዋል፣ መምህር ብሎ ያስመሰክርበታል። እንግዲህ አስቡት፦ ያልተናገሩት ቀልድ በአለቃ ስም ይጠራል፣ የፈጠሩት አቋቋም ግን በልጃቸው ስም። ደብረ ታቦር ተወልጄ፣ በዓል በመጣ ቁጥር ይህንን ሽብሸባ እያየሁ አድጌ፣ ከቀልደኛው ሰውዬ ጋር የተያያዘ መሆኑን ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው።

ይህን ለግሩፑ ስጽፍ የምልክት ይደረግበት ወገኖች ደስ አላቸው። «ይኸው! አዲስ ነገር ሁሌም መጀመሪያ ይወገዛል፣ በኋላ ይለመዳል። ኤአይም እንደዚያው ነው» አሉ። እኔ ግን አይመስለኝም። አለቃ አሮጌውን ጠንቅቀው ካወቁ በኋላ ነው አዲሱን የጨመሩት። የሚቃወማቸው ሰው «ይህ እግር ለምን እዚህ አረፈ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ነበረው። እሳቸው ባይኖሩ ተክሌ አለ። እኛ አገር ሊቅነት የሚለካውም እንዲህ ነው። ጋይንት ውስጥ ያለችው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ድጓ የተማረ ሰው የትም ይማር፣ እዚያ ሄዶ ነው የሚመሰክረው። ቅኔ ቤትም ልጁ የቆጠረውን ቅኔ ይዞ የኔታ ፊት ሲቆም ምሥጢሩን ይጠየቃል፤ የሰው ቅኔ ይዞ የመጣ ልጅ የሚያዘው እዚያ ላይ ነው። ግሩፓችን ላይ በቀን አርባ ቀልድ የሚለጥፈውን ልጅ ግን «ይህች ቃል ምን ማለት ናት?» ብለው፣ መልሱንም ከማሽኑ ቀድቶ ላከልኝ። ሁለት አንቀጽ።

ግን ከልካዮቹም ቢሆኑ ችግር አለባቸው፤ ምክንያቱም እኔ ከልክዬ ያየሁትን አይቻለሁ። እኛ ፕሮግራመሮች ይህን ክርክር ከማንም ቀድመን ቀምሰነዋል። ስታክ ኦቨርፍሎው የተባለው፣ ኮድ አልሠራ ሲለን ሁላችንም የምንሮጥበት ድረ ገጽ፣ ቻትጂፒቲ ከወጣ በቀናት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022፣ በማሽን የተጻፈ መልስ ከለከለ። መልሶቹ ትክክል ይመስላሉ፣ ብዙዎቹ ግን ስህተት ነበሩ። በሜይ 2023 መጨረሻ ደግሞ ኩባንያው ለአወያዮቹ በጥርጣሬ ብቻ አታጥፉ፣ ንጹሐን እየተቀጡ ነው የሚል ትእዛዝ ሰጠ፤ በነፃ ከሚያገለግሉት አወያዮች ብዙዎቹም በጁን ሥራ አቆሙ። ያኔ እኔ ከአወያዮቹ ጋር ነበርኩ። አሁን ኩባንያው ያለው ነገር ይከነክነኛል። መለያ መሣሪያ አለ እንዳትሉኝ፤ ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ በጃንዋሪ 2023 አንድ መለያ አውጥቶ ነበር። በራሱ ሙከራ በማሽን ከተጻፉት ያወቀው 26 በመቶውን ብቻ ነው፤ ሰው ከጻፋቸው ደግሞ 9 በመቶውን የማሽን ነው ብሎ ከሰሰ። ይህ በእንግሊዝኛ ነው። በጁላይ አነሳው። እኔ ደግሞ መለያዬ «ለስላሳ ነው፣ አያስቅም» የሚል ስሜት ነበር።

ሌላም ነገር አለ፣ ከደንብ ጋር የማይያያዝ የሚመስል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። የግሩፓችን ምርጥ ቀልዶች ይመጡ የነበሩት ከደብረ ታቦር፣ ከእስቴ፣ ከጋይንት ነበር፤ ጠላ ቤት የሰማውን ሳያርም፣ ነጥብ ሳያደርግ የሚጽፍ ሰው ነበር የሚልክልን። አንድ ማታ ሁሉም ዝም አሉ። የቀረነው አዲስ አበባና ውጭ አገር ያለን ነን፤ የምናውቃት ቀልድ ቶሎ አለቀችብን። ጎርፉ የገባው ባዶ ቤት አግኝቶ ነው። ደጋግሜ የማስበው ይህንን ነው፤ ማሽኑ ማንንም አላባረረም፣ የወጣ ሰው ወንበር ላይ ነው የተቀመጠው። ሰዎቹ ኔትወርክ ሲያገኙና ተመልሰው ሲገቡ አርባ መካሪ አለቃ ተደርድሮ ጠበቃቸው። አንዳንዶቹ አይተው፣ ምንም ሳይሉ ወጡ።

በመጨረሻ የተስማማንበት ደንብ ስለ ኤአይ አንድም ቃል የለውም። «ከማን ሰማኸው? የት?» ይላል። ከአያቴ፣ ፎገራ። ከባልንጀራዬ፣ ወረታ መናኸሪያ። ራሴ ፈጠርኩት የሚልም ይችላል፤ ግን በራሱ ስም እንጂ በአለቃ ስም አይደለም። ጽሑፉን በምን እንዳስተካከለው አንጠይቅም። ሁለተኛው መስመር የእኔ ነው፤ ስለዚያች ቃል ስል ያስገባሁት፦ የሚቻል ከሆነ በድምፅ። ድምፅ መጥበቅና መላላቱን ይዞ ይመጣል። ደንቡ ፍጹም አይደለም። ከማን እንደሰማ የሚዋሽ ይዋሻል። በድምፅ መቀዳት የሚያፍሩ ትልልቅ ሰዎች አሉ፤ ሴቶቹ በተለይ «የእኔ ድምፅ እዚያ ምን ይሠራል» ይላሉ፣ ቀልዶቹን ከማንም በላይ የሚያውቋቸው ግን እነሱ ናቸው። በቀን የሚመጣው ቀልድ ወደ ሁለት ሦስት ወርዷል። አንዳንድ ቀን ምንም የለም።

ልጁን ሁለት ጊዜ ጻፍኩለት። አያቱን በድጋሚ ጠይቆ በድምፅ እንዲልክልኝ ለመንኩት። አንብቦታል፤ መልስ የለም። ስለዚህ ደብረ ታቦር ደውዬ እናቴን ጠየቅኋት፦ «እማዬ፣ አለቃና የፎገራ ገበሬ፣ በሬ ያለበት ቀልድ ታውቂያለሽ?» ሦስት ታውቃለች። እኔ ያጠፋሁት ግን የለበትም። ከሦስቱ አንዱ በግሩፕ የሚነገር አይደለም፤ ሁለቱን እየሳቀች ቀድታ ላከችልኝ። «ከእናቴ፣ ደብረ ታቦር» ብዬ ለጠፍኳቸው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አንዱ ከታች፦ «ድምፁ ኤአይ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

ለእናቴ ነገርኳት። «እኔን ነው?» አለችና ስልኩን ለጎረቤት አቀበለችው።