«ኢንተለጀንስ» ምን ማለት ነው?

ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን መነሻው መረዳት፣ መገንዘብ የሚል ነው። እንግሊዝኛው በዚህ አንድ ቃል የሰውን የማሰብ ችሎታም፣ የስለላን ሥራም ይጠራበታል። ዕብራይስጡ ግን ሁለቱን ይለያቸዋል። ለስለላው «ሞዲዒን» ይላል፤ ልጃችሁ ሠራዊቱ ውስጥ በሞዲዒን ተመደበ ሲባል ይህ ነው። (የሞዲዒን ከተማ ስም ጥንታዊ የቦታ ስም ስለሆነ ከሰላዮች ጋር አያገናኘውም።) ለአእምሮው ደግሞ «ኢንቴሊጌንፅያ» ወይም «ቢና» ይላል። ዛሬ ወጣቶች «ቢና ምላኹቲት» የሚሉት በአማርኛ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይባላል።

አማርኛችን ከሁለቱም ይልቅ ይከፋፍለዋል። ብልህ ነገሩን አስቀድሞ አይቶ የተጣላ የሚያስታርቅ ነው። ብልጥ ለራሱ ጥቅም የሚፈጥን ነው፤ ጮሌ ደግሞ ከብልጥም የባሰ። ፊደል ያልቆጠረች እናት አስተዋይ ትባላለች፤ ማንም አይከራከርም።

ችግሩ የሚመጣው ትምህርት ቤት ነው። ፕሲኮሎጉ «ምብሓን ኢንቴሊጌንፅያ» ሲል አስተርጓሚው «የብልህነት ፈተና» ብሎ ከተረጎመው፣ ወላጅ የሚሰማው «ልጅህ ሞኝ ነው» የሚለውን ነው። አንዱ አፍሮ ዝም ይላል፣ ሌላው ተቆጥቶ ይወጣል። የሚሻለው ትርጉም «የማሰብ ችሎታ መለኪያ» ነው። ፈተናው ማስታረቅንም ሆነ ማስተዋልን አይለካም። የቃላት ትርጉም ይጠይቃል፣ ቁርጥራጮችን አስገጣጥሞ ቅርፅ ያሠራል፣ ቁጥሮችን ያስታውሳል፣ ፍጥነትንም ያያል። የዕድሜ እኩዮች አማካይ ውጤት 100 ሲሆን፣ ከሦስት ልጆች ሁለቱ ገደማ በ85 እና በ115 መካከል ይገኛሉ። ቤቱ አማርኛ የሚሰማ ልጅ በዕብራይስጥ ቃላት ቢጠየቅ፣ ነጥቡ የጎደለው ከቋንቋው ይሁን ከማሰቡ በውጤቱ ብቻ አይታወቅም።

ፈረንሳዊው ቢኔ በ1905 እ.ኤ.አ. ከሲሞን ጋር ፈተናውን ሲያዘጋጅ ዓላማው እርዳታ የሚያሻቸውን ተማሪዎች መለየት ነበር። በኢየሩሳሌም የሠሩትና በ2014 ያረፉት ፕሮፌሰር ርኡቬን ፎየርሽታይን ደግሞ ችሎታ ይለወጣል ባይ ነበሩ። ልጁ አሁን የሚያውቀውን ከመቁጠር ይልቅ፣ ሲያስተምሩት ምን ያህል እንደሚማር ይመዝኑ ነበር፤ ከኢትዮጵያ በመጡ ልጆችም ላይ ሠርተውበታል።

ስለዚህ ለፈተና ፈቃድ ከመፈረማችሁ በፊት በየትኛው ቋንቋ እንደሚሰጥ ጠይቁ። ውጤቱ ሲመጣም አንዱን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የትኛው ክፍል ዝቅ እንዳለ ያሳዩዋችሁ። አስተርጓሚውንም «ብልህነት» ያልከው ዕብራይስጡ ምን ይላል? በሉት።