ባዶ ስለ ተባለ አገርና ስለ አንድ ግራር

ፎቶግራፍ አንሺዎች እጅግ የሚወዱት አንድ ዓይነት ሥዕል አለ። ሜዳው ሰፊ ነው፤ ሰማዩም ከሜዳው ይሰፋል፤ በመካከሉ አንድ ዛፍ ብቻውን ቆሟል። ራቅ ብሎ ሰው ለቅቆት የሄደ ከተማ ፍርስራሽ ከታየበትማ ሥዕሉ ሙሉ ሆነ ይባላል። የሚያየውም ሰው ጥቂት ዝም ይልና «እንዴት ያለ ባዶ አገር ነው!» ብሎ ወደሚቀጥለው ገጽ ያልፋል። እኔ ዛሬ ልጽፍ ያሰብሁት ስለዚህች «ባዶ» ስለምትባለው ቃል ነው። ቃሊቱ ትንሽ ትመስላለች እንጂ በታሪክ ውስጥ ብዙ ሥራ ሠርታለች፤ ከሠራችውም ሥራ የሚበዛው መልካም አይደለም።

ሠላሳ አምስት ዓመት ታሪክና ጂኦግራፊ ሳስተምር፣ ይህን ነገር ለተማሪዎቼ ለማስረዳት ምሳሌ አድርጌ የማነሣው አንድ ግራር ነበር። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ የዚህን ግራር ታሪክ ለአንተም ልንገርህ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ነገሩ ተመዝግቦ የሚገኘው በዚያ ነውና።

ግራሩ የነበረው ዛሬ የኒጄር ሪፐብሊክ በሚባለው አገር፣ በሰሐራ ውስጥ ቴኔሬ በሚባለው ክፍል ነው። ቴኔሬ በቱዋሬጎች ቋንቋ በረሓ ማለት ነው። ስፋቱ 400,000 ኪሎ ሜትር ካሬ ያህል ሲሆን፣ በስተ ምዕራብ የአይር ተራሮች፣ በስተ ምሥራቅ ደግሞ የካዋር ገደል ያዋስኑታል። ዛፉ በቁመቱ ሦስት ሜትር ቢሆን ነው። በእኛ አገር በአንድ ሰው ደጅ ቢበቅል ኖሮ፣ ፍየል ካልተጠለለበት በቀር ማንም ዞር ብሎ አያየውም ነበር። ነገር ግን በዚያ በረሓ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ሌላ ዛፍ አያገኙም፤ ስለዚህ ከአራት ሚሊዮን አንድ እጅ ተቀንሶ በተሠራ ካርታ ላይ እንኳ ስሙ ተጽፎ ነበር። በእንዲህ ያለ ካርታ አንድ ሳንቲ ሜትር 40 ኪሎ ሜትር ነው። ብዙ ሺህ ሰው የሚኖርባቸው መንደሮች በካርታው ላይ ቦታ ሲያጡ፣ አንድ እሾሃም ዛፍ ግን ቦታ አገኘ።

ለምን እንዲህ ሆነ? መንገድ መሪ ስለ ነበረ ነው። ከአጋዴዝ ተነሥተው ወደ ቢልማ የሚሻገሩ ሲራራ ነጋዴዎች እህል ጭነው ይሄዳሉ፤ ጨውና ተምር ጭነው ይመለሳሉ። ቅፍለታቸው አዛላይ ይባላል። በ1906 የተጓዘው አንድ ቅፍለት ብቻ 20,000 ግመል ያህል እንደ ነበረው ተጽፏል። ይህን ቁጥር ቶሎ ብለህ አትለፈው። ሃያ ሺህ ግመል በአሸዋው ላይ ተከታትሎ ሲሄድ የፊተኛው ከዓይን ይሰወራል፣ የኋለኛው ገና ከሰፈሩ አልተነሣም። ይህ ሁሉ ሕዝብና ከብት ያልፍበት የነበረውን አገር ነው እንግዲህ ባዶ የምንለው።

ከ1938 እስከ 1939 ባለው ክረምት በዛፉ አጠገብ የውሃ ጉድጓድ ተቆፈረ። ቆፋሪዎቹ የዛፉን ሥር እየተከተሉ ወረዱ፤ ሥሩም ከ33 እስከ 36 ሜትር ጠልቆ ከውሃው ደርሶ ተገኘ። ቁመቱ ሦስት ሜትር የሆነ ዛፍ ሥሩ ከቁመቱ አሥር እጅ በልጦ ተገኘ ማለት ነው። በፎቶግራፉ ላይ ይታይ የነበረው እንግዲህ የዛፉ ትንሹ ክፍል ነበር።

ዛፉን ያቆመው ግን ውሃው ብቻ አልነበረም። በግንቦት 1939 ወደዚያ የደረሰው ሚሼል ሌሱር የተባለው የፈረንሳይ መኮንን አንድ ነገር አስደነቀው። ይህ ሁሉ የተራበ ግመል በአጠገቡ ሲያልፍ ቅጠሉን እንዴት አልጨረሰውም? ጨው ጫኞቹስ በዚያ ብርድ ሌሊት ሻይ ለማፍላት እንዴት ቅርንጫፉን አልቆረጡም? መልሱን ከነጋዴዎቹ አገኘው፤ ዛፉን መንካት ነውር ነበር። ጠባቂ አልቆመለትም፤ አጥር አልታጠረለትም፤ በጽሑፍ የወጣ ደንብም አልነበረውም። አንዱ ነጋዴ ለልጁ ይነግራል፣ ልጁም ለልጁ ይነግራል፤ ዛፉ የኖረው በዚህ ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በየአገሩ አድባር የሚባል ዛፍ አለ፤ መጥረቢያ አይነሣበትም። በጎጃምና በጎንደርም ሜዳው ሁሉ ታርሶ አልቆ ሳለ፣ ከሩቅ አንድ ጥቁር አረንጓዴ ደን ሲታይ «እዚያ ቤተ ክርስቲያን አለ» ይባላል። እኔ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ ሆነ፣ አስተማሪዎቻችን ቅቤ የሚቀባውን ዛፍ በበጎ ዓይን አያዩትም ነበር። እኔም ዛሬ ተነሥቼ ለዛፍ ቅቤ አልቀባም። ሆኖም ቅቤ የተቀባው ዛፍ ቆሞ ሲኖር ያልተቀባው ከሰል ሆኖ ማለቁን ዓይኔ ስላየ፣ በቀቢው ሰው ላይ ለመሳቅ አልቸኩልም።

አሁን ወደ መኪናው ልምጣ። በ1934 አውቶሞቢል ለመጀመሪያ ጊዜ ከጃኔት ተነሥቶ ቴኔሬን አቋርጦ አጋዴዝ ሲደርስ፣ አንሪ ሎት የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ ዛፉን አይቶት ነበር። ግንዱ የታመመ ቢመስልም ቅጠሉ አረንጓዴ እንደ ነበረ፣ ቢጫ አበባም እንደ ነበረው መስክሯል። ይኸው ሰው ከ25 ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 1959፣ ከቤርሊየ የጭነት መኪናዎች ጉዞ ጋራ ወደዚያው ተመለሰ። ዛፉን ግን ሊያውቀው አልቻለም። በመካከሉ አንድ መኪና ገጭቶት ኖሮ፣ ከሁለቱ ግንዶች አንደኛው ጉቶ ሆኖ ቀርቶ ነበር። አበባውም የለም። በ1973 ደግሞ ሌላ የጭነት መኪና መጣና የቀረውን ግንድ ገጭቶ ጣለው። ሾፌሩ ሰክሮ ነበር ይባላል። በዚያው ዓመት ኅዳር 8 ቀን የወደቀው ግንድ ወደ ዋና ከተማው ወደ ኒያሜ ተወስዶ በብሔራዊው ሙዚየም ተቀመጠ፤ በዛፉም ቦታ ከብረት የተሠራ ምሰሶ ቆመለት።

ይህን ታሪክ ስነግራቸው ተማሪዎች ይስቁ ነበር። መቶ ኪሎ ሜትር ባዶ ሜዳ በግራ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ባዶ ሜዳ በቀኝ፣ አንዱን ዛፍ ሄዶ መግጨት! በእውነትም የሚያስቅ ይመስላል። ነገር ግን ዛፉ የተገጨው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም በአንድ ሰው መጠጥ ማሳበብ አይቻልም። ምክንያቱ ወዲህ ነው፤ በዚያ በረሓ ሰው ሁሉ ወደ ዛፉ ነው የሚያመራው። መንገዱ ዛፉ ነው፤ ጉድጓዱም ያለው እዚያው ነው። ግመል ነጂው ወደ ዛፉ ሲያመራ ነውሩንም ይዞ ይመጣል። መኪና ነጂው ግን መንገዱን ወረሰ እንጂ ነውሩን አልወረሰም፤ የነገረውም ሰው አልነበረም።

መኪና ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፤ እኔም በመኪና እሄዳለሁ። ነገር ግን ፎቶግራፍ አንሺውን ወደዚያ ያደረሰው መኪና ነው፤ ዛፉን የገጨውም መኪና ነው። የግራሩ ዝና ወደ ዓለም ሁሉ የወጣበትና የግራሩ ዕድሜ ያጠረበት ዘመን አንድ ነበር።

ስለ ፈረሰ ከተማም ጠቅሼ ነበርና እርሱን ሳልናገር አላልፍም። ከግራሩ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ በረሓውን ከተሻገሩ በኋላ፣ ጃዶ የሚባል ከተማ ፍርስራሽ አለ። የጭቃ ቤቶቹ በአንድ ኮረብታ ላይ እርስ በርሳቸው ተደራርበው፣ ጣራቸው ወድቆ፣ መተላለፊያቸው ተደፍኖ ይታያሉ። ፎቶግራፍ አንሺዎች ይህንም «የሙታን ከተማ» እያሉ ያነሡታል፤ እውነትም ለዓይን ድንቅ ነው። በኮረብታው ግርጌ ግን የተምር ዛፎች አሉ። ዛፎቹ ባለቤት አላቸው፤ የቱቡ ሰዎች ተምሩ በሚደርስበት ወራት እየመጡ ይለቅማሉ። ፎቶግራፍ አንሺው በሌላ ወር መጥቶ ማንንም ባያገኝ፣ እርሻ ያለ ገበሬ ይገኛል ብሎ እንደ መናገር ነው። እኛስ በሰኔ የሚታረስ ማሳ በየካቲት ባዶ ሆኖ ቢታይ ባለቤት የለውም እንላለን?

በ2014 በዚሁ በጃዶ አምባ ወርቅ ተገኘ። ወሬው በተሰማ ጊዜ ከብዙ አገር በሺህ የሚቈጠር ሰው ጎረፈ፤ በ2017 የኒጄር መንግሥት ሥፍራውን እስኪዘጋው ድረስ ምድሪቱ ተቆፋፈረች። ሰው እንደ ሌለበት በሥዕል የሚታይ አገር ወርቅ ሲገኝበት ማንም ሊፈቅድ ወይም ሊከለክል የሚችል ባለቤት ያለው አይመስልም። ቃሊቱ የምትሠራው ሥራ ይህ ነው።

ሩቅ አገር ብቻ አንሂድ። በአፋር ምድር ዳሎል የሚባል የፈረሰ ሰፈር አለ። ፖታሽ የሚያወጡ ኩባንያዎች በየዘመናቸው የሠሩበት ቦታ ነው፤ ቤቶቹ ከጨው ድንጋይ ተሠርተው ነበር፤ ከቀይ ባሕር ጠረፍም ወደዚያ አቅጣጫ ሐዲድ ተዘርግቶ ነበር። ከ1960 እስከ 1966 በተደረገው መለኪያ የዓመቱ መካከለኛ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ሰው ከኖረባቸው ቦታዎች ሁሉ የሚበልጥ ሙቀት ተብሎ ተመዝግቧል። ኩባንያዎቹ ሄዱ፤ ቤቶቹ ፈረሱ፤ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ፍርስራሹን በፎቶግራፍ ያነሣና «ማንም የማይኖርበት ምድር» ብሎ ይጽፍበታል። በዚያው ሜዳ ላይ ግን አፋሮች አባቶቻቸው እንደ ቈረጡ ጨው ይቈርጣሉ። አሞሌ በዚያ ተቈርጦ፣ በግመል ወደ ደጋ ወጥቶ፣ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ በገበያችን እንደ ገንዘብ ይሰጥና ይቀበል ነበር። የዘመናት ጨው ቈራጮች ሳይቈጠሩ፣ ጥቂት ዓመት የቆየው ኩባንያ ስለ ሄደ ብቻ አገሩ ተለቀቀ ይባላልን?

አሁንም ወደ ቴኔሬ ልመለስ፤ የዚያ ምድር ነገር ገና አላለቀምና። በ2000 የአጥንት ቅሪት የሚፈልጉ ሊቃውንት በበረሓው ዳር ጎቤሮ በተባለው ቦታ ሲፈልጉ የሰው መቃብር አገኙ። ሲቈጠር ሁለት መቶ ያህል መቃብር ሆነ። ቦታው በጥንት ዘመን የሐይቅ ዳር ነበረ፤ በዚያም የዓሣና የአዞ አጥንት ተገኝቷል። ከመቃብሮቹ በአንዱ አንዲት ሴት ከሁለት ሕፃናት ጋራ፣ እጅ ለእጅ እንደ ተያያዙ ተቀብረው ተገኙ። ከአጥንታቸው አጠገብ የአበባ ብናኝ ስለ ተገኘ፣ ሲቀበሩ አበባ እንደ ተነጠፈላቸው ሊቃውንቱ ይገምታሉ። ይህ ከሆነ አምስት ሺህ ዓመት አልፎታል። ግራራችን እንግዲህ ያ ምድር ገና ሳይደርቅ ከነበሩት ዛፎች ዘር ሲወርድ ሲዋረድ የቀረ ነበር።

ዛሬ እያንዳንድህ በኪስህ በያዝኸው ስልክ ፎቶግራፍ ታነሣለህ። ብቻውን የቆመ ዛፍ ስታገኝ አታንሣው አልልህም፤ እኔም ቢሆን ዓይቼ አልጠግበውም። ነገር ግን ከማንሣትህ በፊት በአካባቢው ያለ ከብት ጠባቂ ካለ የዛፉን ስም ጠይቀው፤ የማን እንደ ሆነ፣ ለምን እንዳልተቈረጠ ጠይቀው። የነገረህንም ከሥዕሉ ሥር ጻፈው። ሥዕሉ በዚህ ምክንያት ውበቱ ቢቀንስ፣ በእኔ በኩል ቅር አይለኝም።

በዛፉ ቦታ የቆመው የብረት ምሰሶ ዛሬም መንገደኛ የሚያየው ምልክት ነው። በ2006 በወጣ አንድ ፊልም ላይ በረሓውን የሚያቋርጡ ቱዋሬጎች የዓለም ዋንጫ ኳስ ጨዋታ ለማየት ቴሌቪዥናቸውን ከዚህ ብረት ጋራ ሲያያይዙት ይታያል፤ ይህን ሳስብ ፈገግ እላለሁ። ደረቁ ግንድ በኒያሜ ሙዚየም አለ፤ ጎብኚዎችም ያነሡታል። ወደ ኒያሜ የተወሰደው ግን ከመሬት በላይ የነበረው ነው። ሠላሳ ሦስት ሜትር ወርዶ ውሃውን ያገኘው ሥር ከጉድጓዱ አጠገብ በአሸዋው ውስጥ እዚያው ቀርቷል።