በስቴት የተፈቀደ፣ በፌዴራል የተከለከለ፦ የአሜሪካ የማሪዋና ሕግና የእኛ ስደተኞች

ከደብረ ብርሃን ወይም ከአንኮበር በዲቪ ወጥቶ ሜሪላንድ፣ ዴንቨር ወይም ሲያትል የሚኖር ወንድም ማሪዋና በሱቅ በግልጽ ሲሸጥ ያያል። ሱቁ የንግድ ፈቃድ አለው፣ ግብር ይከፍላል፣ ደረሰኝ ይቆርጣል። ከዚህ ተነስቶ «እዚህ አገር ተፈቅዷል» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ያየው የሕጉን ግማሽ ብቻ ነው፤ ዜግነት ያላገኘን ሰው የሚጎዳው ደግሞ ሌላኛው ግማሽ ነው።

የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ በ1970 ባወጣው የአደንዛዥ ዕፅ መቆጣጠሪያ ሕግ ማሪዋናን ከሄሮይን ጋር እጅግ ጥብቅ በሆነው አንደኛ ዝርዝር ውስጥ አስገባ። ካሊፎርኒያ በ1996 ለሕክምና ፈቀደች። በኅዳር 2012 ኮሎራዶና ዋሽንግተን ስቴት በሕዝብ ድምፅ ለመዝናኛም ፈቀዱ፤ ሜሪላንድ በ2023 ተከተለች። ዛሬ ለመዝናኛ የፈቀዱት ስቴቶች ከ20 በላይ ናቸው። ሆኖም ስቴቶቹ ያነሱት የራሳቸውን ቅጣት ነው፤ የፌዴራሉን ሕግ የመሻር ሥልጣን የላቸውም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2005 ጎንዛሌስና ሬይች በተባለው ክርክር፣ በስቴት ሕግ ለሕክምና ተብሎ በቤት ውስጥ የበቀለን ተክል እንኳ የፌዴራሉ መንግሥት መከልከል እንደሚችል ወስኗል።

ቪዛ፣ ግሪን ካርድና ዜግነት የሚሰጠው ማን ነው? ፌዴራሉ ነው። ስለዚህ የኢሚግሬሽን ባለሥልጣን የሚመዝነው በፌዴራሉ ሕግ ነው። የዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ በሚያዝያ 2019 ባወጣው መመሪያ ይህን በግልጽ አስቀምጦታል፦ በስቴቱ የተፈቀደም ቢሆን ከማሪዋና ጋር የተያያዘ ተግባር ለዜግነት የሚጠየቀውን «መልካም ሥነ ምግባር» ሊያሳጣ ይችላል። ይህ የሚያጨሰውን ብቻ አይመለከትም። በማሪዋና ሱቅ ገንዘብ ተቀባይ ሆኖ የተቀጠረውንም ይነካል። ሥራ ፈላጊ ወገኖቻችን በብዛት የማያውቁት ይህንን ነው። ለራስ መጠቀሚያ የሆነ 30 ግራም ወይም ከዚያ በታች ይዞ አንድ ጊዜ መቀጣት በራሱ ከአገር አያስባርርም፤ ከዚያ ያለፈ ቅጣት ግን ግሪን ካርድ ያለውንም ሊያስባርር ይችላል። ከአሜሪካ ውጭ ቆይቶ ለመግባት የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ፍርድ ቤት ባይቀርብም፣ ድርጊቱን ማመኑ ብቻ ሊያስከለክለው ይችላል። መዋሸት መፍትሔ አይደለም፤ በሸሪዓ ሐራም ነው፣ በሕጉም ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ቅጹን ከመሙላት በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማማከር ይገባል።

ሄምፕ የሚባለው የዚያው ተክል ዝርያ ነው። በታኅሣሥ 2018 የወጣው የፌዴራል የግብርና ሕግ የሚያሰክረው ንጥረ ነገር ከ0.3 በመቶ ያልበለጠውን ከማሪዋና ትርጉም አውጥቶታል።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ መጋጨት ሊፈጠር ይችላል? በማሪዋና ጉዳይ አይመስልም። የኢ.ፌ.ዲ.ሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55(5) የወንጀል ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰጥቶ፣ ክልሎች ማውጣት የሚችሉት የፌዴራሉ የወንጀል ሕግ ባልሸፈነው ጉዳይ ላይ እንደሆነ ይደነግጋል። የ1996 ዓ.ም የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅን ሸፍኖታል። ሻሸመኔም ሆነ ደብረ ብርሃን ሕጉ አንድ ነው።

በዲናችን በኩል ነገሩ ከመንግሥታት ሕግ ጋር አይለዋወጥም። ኢብኑ ተይሚያ (728 ሂጅራ ያረፉት) ሐሺሽን ሐራም ብለዋል፤ የሻፊዒው ሊቅ አዝ-ዘርከሺ (794 ሂጅራ) ስለ ክልከላው ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፈዋል። መነሻቸው የሚያሰክር ሁሉ ሐራም መሆኑን የሚናገረው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሐዲስ ነው። ምክንያቱ ስካር ስለሆነ፣ ከተክሉ ጭረት የሚሠራ ገመድና ጨርቅ በዚህ ክልከላ ውስጥ አይገባም። ለሕክምና መጠቀም የተለየ መስአላ ነው፤ «ዶሩራ» መኖር አለመኖሩን የሚያረጋግጥ ታማኝ ሐኪም ይፈልጋል። እንደ እኔ እምነት፣ ቪዛ ተቀብሎ የገባ ሙስሊም የአገሩን ሕግ ለማክበር ቃል እንደገባ ስለሚቆጠር የፌዴራሉ ክልከላም ችላ የሚባል አይደለም።

ጫት ላይ ሁኔታው ይገለበጣል፦ እዚህ የተፈቀደው እዚያ ተከልክሏል። ጫት ለሸዋ እንግዳ አይደለም። የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል፣ የኢፋቱ ሰብር አድ-ዲን በ1332 (እ.ኤ.አ) አካባቢ በንጉሡ መናገሻ ጫት እተክላለሁ ብሎ እንደዛተ ይተርካል። የዑለማኦቹም ክርክር ረጅም ነው፤ ኢብኑ ሐጀር አል-ሀይተሚ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ጫት በጻፉት ኪታብ ሐራም ብለው ሳይቆርጡ መራቁን መክረዋል። የአሜሪካ ሕግ ግን ክርክር የለውም። በለጋ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከ1993 ጀምሮ በአንደኛው ዝርዝር ውስጥ ነው፤ ብሪታንያም በሰኔ 2014 ጫትን ከልክላለች። ስለዚህ «ለአክስትህ ልጅ ትንሽ አድርስልኝ» ተብሎ ሻንጣ ውስጥ የሚገባው ፌስታል ተጓዡን አየር ማረፊያ ላይ ያስይዘዋል። አድርቆ መላክም አያድንም፤ ሲደርቅ ካቲኖኑ ቢቀንስም የሚቀረው ካቲን በአሜሪካ አራተኛው ዝርዝር ውስጥ ይገኛል።