የሙቀት ለውጥና የነዳጅ ልኬት፦ ጉድለት ሁሉ ስርቆት ነውን?

ነዳጅ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ሲቀዘቅዝም ይሰበሰባል። ክብደቱ ባይለወጥም በታንከር ውስጥ የሚይዘው ቦታ ይለወጣል። ስለዚህ በመለኪያ ዘንግ የተነበበው ከፍታ ብቻውን ትክክለኛውን መጠን አያረጋግጥም።

ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በተለወጠ ቁጥር 10 ሺህ ሊትር ናፍጣ በ8 ሊትር ያህል ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፤ የቤንዚን ለውጥ ከዚህ በጥቂቱ ይበልጣል። በመሆኑም በ35 ዲግሪ የተለካ 10 ሺህ ሊትር ናፍጣ ወደ 15 ዲግሪ ሲወርድ፣ አንዲት ጠብታ ሳይፈስ 160 ሊትር ያህል ጎድሎ ይገኛል።

ይህን ለማረም በብዙ አገሮች የነዳጅ ግብይት መነሻው 15 ዲግሪ ነው። የነዳጁ ሙቀት ከዚህ በላይ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ብልጫ የመስፋት ልኩ ተሰልቶ ከተነበበው መጠን ይቀነሳል፤ ከ15 ዲግሪ በታች ከሆነም ይደመራል።

በውኃ ማጠራቀሚያ አናት ላይ የሚተከል፣ በድምፅ ሞገድ የሚለካ መሣሪያም እርማት ያስፈልገዋል። በሞቃት አየር ድምፅ ስለሚፈጥን፣ በ15 ዲግሪ የተስተካከለ መሣሪያ በ35 ዲግሪ 2 ሜትር ርቆ ያለን ውኃ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል አቅርቦ ያሳያል።

ለመስኖ ሞተር ናፍጣ በበርሜል የሚያስቀምጥ አርሶ አደር እስከ አፉ ሊሞላው አይገባም። ጉድለት ሲታይም ሾፌሩን ወይም ጥበቃውን ከመወንጀል በፊት የሁለቱ ልኬቶች ሙቀት ይነጻጸር፤ ከእርማቱ በኋላ የሚቀረው ጉድለት ግን ሊጣራ ይገባዋል።